የሚገባው አየር ሙቀት በመኪና ሞተር ጉልበት ላይ ያለው ተጽዕኖ

የመኪና ሞተር የሚያወጣው ጉልበት በውስጡ ሊያቃጥለው በሚችለው የነዳጅ መጠን ይወሰናል፤ ያን መጠን የሚገድበው ደግሞ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚስበው አየር በቦታ የተወሰነ እንጂ በክብደት የተመጠነ ስላልሆነ፣ በዚያው ቦታ ውስጥ ስንት ግራም አየር እንደሚያዝ የሚወስኑት ግፊቱና ሙቀቱ ናቸው። በባሕር ወለል ግፊት 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አየር 1.29 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ 40 ዲግሪ ሲደርስ ክብደቱ ወደ 1.13 ይወርዳል።

ከዚህ ተነሥቶ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ በተግባር ግን ቅናሹ ያነሰ ነው። አየሩ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ እፍጋቱ ከ9 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሆኖም ቀዝቃዛው አየር በጋለው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) እና በመግቢያ ቫልቮቹ በኩል ሲያልፍ ከሞቃታማው ይልቅ ብዙ ሙቀት ስለሚቀበል፣ ቫልቩ እስኪዘጋ ድረስ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ይጠባል። የሞተር ጉልበት መለኪያ ደንብ የሆነው አይ.ኤስ.ኦ. 1585 ቱርቦ (አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላቸውን የቤንዚን ሞተሮች ውጤት ወደ 25 ዲግሪ ሲያስተካክል የሚጠቀምበት ቀመር ይህን ከግምት ያስገባል፤ በቀመሩ መሠረት የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚታጣው ጉልበት 2 በመቶ አካባቢ ነው።

በዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ከዚህ የከፋ ኪሳራ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሞቆ የገባ አየር ሲታመቅ ይበልጥ ስለሚግል፣ የካንዴላው ነበልባል ያልደረሰበት የድብልቁ ክፍል በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። መካኒኮች ማንኳኳት የሚሉት ይህ ክስተት ከበረታ ፒስተን እስከ መጉዳት ይደርሳል። በሞተሩ አካል ላይ የታሰረው ሴንሰር ንዝረቱን ሲሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ሞተሩ ከጉዳት ይድናል፣ ነገር ግን ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ ዘግይቶ ስለሚደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። በሞቃት ቀን ከባድ ዳገት ላይ የሚሰማው የመኪና መድከም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት የሚያውቀው በአየር መግቢያው ላይ በተተከለ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ቴርሚስተር ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች ከአየር መጠን መለኪያው ጋር በአንድ አካል ይሠራል። ሽቦው ከተበጠሰ ንባቡ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ቁጥር በሞቃት ቀን የማይታመን ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የማስጠንቀቂያ መብራት አብርቶ አስቀድሞ በተወሰነ ግምት ይሠራል።

በቱርቦ ሞተር ላይ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አየሩን የሚያሞቀው ራሱ ቱርቦው ነው። 20 ዲግሪ የነበረ አየር ግፊቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ አየሩን የሚያምቀው የቱርቦው ክፍል (ኮምፕረሰሩ) ምንም ብክነት ባይኖርበት እንኳ ወደ 84 ዲግሪ ይደርሳል፤ በእውነተኛ ኮምፕረሰር ደግሞ ከ100 ይበልጣል። ኢንተርኩለር የሚገባው ለዚህ ነው፦ በአየር ወይም በውሃ እየቀዘቀዘ፣ በቱርቦው የተገኘውን ግፊት ብዙም ሳይነካ ሙቀቱን ይቀንሳል። ቢ.ኤም.ደብሊው ኤም4 ጂ.ቲ.ኤስ. በተባለው መኪናው ላይ ከዚህ አልፎ ወደ ማኒፎልዱ ውሃ የሚረጭ ሥርዓት ተጠቅሟል፤ ውሃው በሚተንበት ጊዜ የአየሩን ሙቀት ይወስዳል።

ከኮፈን ሥር ያለው አየር ከውጭው በብዙ ስለሚሞቅ፣ አብዛኞቹ አምራቾች የአየር መሳቢያውን አፍ ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከጎኑ ያደርጉታል። ስለዚህም ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጥ ክፍት የአየር ማጣሪያ፣ ከሞተሩ ሙቀት የሚለየው መከለያ ከሌለው፣ ድምፁን ከማጉላት ያለፈ ጥቅም መስጠቱ ያጠራጥራል፤ እንዲያውም ፋብሪካው ከሠራው የባሰ ሞቃት አየር ሊስብ ይችላል።

ቀዝቃዛ አየር ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም አይደለም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ነው። በዝግታ ሲነዳ የቤንዚን ሞተር አየሩን የሚገድበው የመግቢያው ክዳን በከፊል ተዘግቶ ስለሆነ፣ አየሩ ሞቅ ካለ ክዳኑ ለዚያው ጉልበት ይበልጥ ይከፈትና ሞተሩ አየር ለመሳብ የሚያባክነው ጉልበት ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በታመቀው አየር ሙቀት ስለሆነ፣ በብርድ ለመነሣት ማሞቂያ ካንዴላ ያስፈልገዋል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ቀዝቃዛ አየር ጉልበቱን ከማገዙም በላይ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለቱን ይቀንሳል። በካርቡሬተር ዘመን ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው፦ ቤንዚኑ ሲተን ሙቀት ስለሚስብ፣ እርጥበት ባለው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ የካርቡሬተሩ ጉሮሮ በረዶ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ብዙ መኪኖች ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ በጭስ ማኒፎልዱ ዙሪያ የሞቀውን አየር ወደ ማጣሪያው የሚያደርስ ቱቦ ነበራቸው።