«እሳት ካለ ጅብ አይመጣም»፦ አዋሽ ዳር ድንኳን ስለ መትከል የሚባለውና እውነታው

«አዋሽ ዳር ድንኳን ተክለን ልናድር ነው» ብላችሁ ቤት ውስጥ ካወራችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። እናት «ድንኳን? ማን ሞተና?» ይላሉ። አባት አንበሳ ያነሳሉ። ጎረቤት እባብ ትጨምራለች። በድሬዳዋ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ አጎት ካለ ደግሞ የጅብ ታሪክ እስኪነጋ አያልቅም።

ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን አቅጣጫውን ስቷል። አዋሽ ፓርክ ውስጥ አንበሳ አለ፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሊያዩት ብለው የሄዱ ሰዎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሳያዩት ይመለሳሉ። ከሰል፣ የወንዝ ውሃና ጎርፍ ግን እዚያው አጠገባችሁ ናቸው። ስለ እነሱ የሚያስጠነቅቅ ዘመድ ደግሞ እምብዛም የለም።

ቦታውን ለማያውቅ፦ ፓርኩ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ መካከል ነው። ድንኳን የሚተከለው ወንዙን ተከትሎ በበቀለው የግራርና የሾላ ጫካ ውስጥ ነው። መብራት የለም። ቧንቧ የለም። ሱቅ የለም። ክብሪት ከረሳችሁ ረሳችሁ ነው።

«ድንኳን ወደ ውሃው በቀረበ ቁጥር ይሻላል»

ለፎቶ አዎ። ለእንቅልፍ አይሆንም። አዋሽ ውስጥ አዞ አለ፤ ጉማሬም አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ የሚወጣውም የሚመለሰውም በለመደው መንገድ ነው። በእሱና በውሃው መካከል የተደቀነ ነገር ያስደነግጠዋል። የደነገጠ ጉማሬ ድንኳን ዞሮ አያልፍም። ዳሩ ላይ ተረጋግጦ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰፋ ያለ መተላለፊያ ካያችሁ ራቁት።

ዋናው ምክንያት ግን ጎርፍ ነው። ሰው የሚሳሳተው ሰማይ አይቶ ስለሚወስን ነው። መተሐራ ላይ ደመና የለም ማለት ወንዙ አይሞላም ማለት አይደለም። አዋሽ የሚነሳው ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው፤ እዚያና በየመንገዱ የዘነበው ሁሉ ወደ ታች ይመጣል። ቆቃ ግድብ ሲሞላም ትርፉ ይለቀቃል። እናንተ ኮከብ እያያችሁ፣ ሌላ አገር የዘነበው ዝናብ ሌሊት ሊደርስ ይችላል። ድሬዳዋ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ፣ ያ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ፣ ከተራራው በወረደ ጎርፍ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ «አሸዋው ለስላሳ ነው» ብሎ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን የሚዘረጋ አይጠፋም።

ከመትከላችሁ በፊት ዛፎቹን ቀና ብላችሁ እዩ። ቅርንጫፍ ላይ የተጠላለፈ ደረቅ ሣር፣ ጭራሮ፣ የተቀደደ ፌስታል ካለ የወፍ ጎጆ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የወፍ ጎጆ ክብ ነው፤ መግቢያ አለው። ይሄኛው ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ውሃው ወደሚሄድበት ተኝቷል። ነካ ብታደርጉት የደረቀ ጭቃ ይራገፋል። ውሃው አንድ ጊዜ እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ከራሳችሁ በላይ ከሆነ ዕቃችሁን አንሱና ከፍ ወዳለው ቦታ ሂዱ።

«ትልቅ ዛፍ ሥር ከሆነ አስተማማኝ ነው»

ጥላው ጥሩ ነው። ግን የደረቀ ቅርንጫፍ ንፋስ ሳይጠብቅም ይወድቃል። ሾላ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ጦጣውም ዝንጀሮውም ሊበላ ይመጣል፤ ከላይ የሚወርደው ፍሬ ብቻ አይደለም። ግራር ሥር ከሆነ መጀመሪያ እሾሁን በደንብ ጥረጉ፤ በአየር የሚነፋ ፍራሽ አንድ ሌሊት አይቆይላችሁም።

«ከሰሉ ከቀላ ጭሱ ወጥቷል፤ ድንኳን ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከተነሳውና ከሚነሳው ሁሉ ዝም ብሎ ሰው የሚገድለው ይሄ ነው።

ሁላችንም ያደግንበት ሕግ አለ። ከሰል ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ አልቆ ሲቀላ ማንደጃው ይገባል፤ ጀበናው ይጣዳል። ይህ ሕግ ዓይን የሚያቃጥለውን ጭስ ያስቀራል። የሚገድለው ግን እሱ አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። ደም ከኦክስጅን ይልቅ እሱን አጥብቆ ይይዛል። ደህና የቀላ ከሰልም ያወጣዋል። አመድ ለብሶ «ጠፍቷል» የምንለውም ያወጣዋል።

ቤት ውስጥ የበሩ ሥር ክፍተት አለ፤ ጣሪያው ያስተነፍሳል። እንዲህም ሆኖ በየክረምቱ በከሰል የሚሞት ሰው እንሰማለን። ድንኳን ደግሞ አራት ሰው ተጠጋግቶ የሚተኛበት፣ ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ላስቲክ ነው። ዚፑን በትንሹ ከፍቶ መተው አያድንም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደንዘዝ ነው። ካምፕ ላይ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ሰበብ ሞልቷል፦ መንገዱ ነው፣ ፀሐይ መታኝ፣ ክትፎው አልተስማማኝም። የተኛ ሰው ጭራሽ ምልክቱንም አያውቀውም።

ስለዚህ ማንደጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ቀልቶም፣ ከስሞም፣ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ተብሎም። የጋዝ ምድጃም እንደዚያው። የተመረዘ ሰው ካለ ቶሎ ወደ ንጹህ አየር አውጡትና ሆስፒታል አድርሱት። ወተት ማጠጣት ሆድ ከመሙላት በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ራሱን የሳተ ሰው ከሆነ ደግሞ ያንቀዋል። ለብርድ ከሆነ ሙቅ ውሃ ኮዳ ውስጥ ሙሉና ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በወፍራም ካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት።

«እሳት ካለ ጅብ አይመጣም»

ጅብ እሳቱን አይወደው ይሆናል። ጥብሱን ግን ይወደዋል። ሥጋ በከሰል ላይ አዙራችሁ፣ አጥንቱን ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውራችሁ፣ ከዚያ በእሳት መተማመን ጠርቶ በር መዝጋት ነው። እሳቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመድ ይሆናል፤ ሽታው ግን ይቆያል። ጅብ ጫማም ይወስዳል፤ ቆዳ ከሆነ በተለይ። ምግብ፣ ድስት፣ ቆሻሻና ጫማ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ድንኳን ውስጥ ኩኪስ እንኳ አታስገቡ። ዚፑን ዘግታችሁ ተኙ። ሽንት ቢመጣባችሁ መጀመሪያ በባትሪ ዙሪያውን አብርታችሁ ዓይን የሚያበራ ነገር መኖር አለመኖሩን እዩ።

የቀኑ ሌባ ዝንጀሮ ነው። አዋሽ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ የሚገናኝበትና የሚዳቀልበት ቦታ ስለሆነ ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በላይ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው መረጃ ግን አንድ ነው፦ ዳቦ የት እንደምታስቀምጡ ያያል። በእጅ አታብሉት። አንዴ ከሰው እጅ የለመደ ዝንጀሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቤተሰብ ሕፃን ይነጥቃል፤ ብስኩቱን ማለቴ ነው፣ ግን ሲነጥቅ ይቧጭራል።

ማገዶም ከጫካው አትልቀሙ። የወደቀው እንጨት የብዙ ፍጥረት ቤት ነው፤ ቦታውም ፓርክ ነው። ከሰል ከመተሐራ ግዙ፤ ስትጨርሱ ውሃ ደፍታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ በእጅ ነክታችሁ አረጋግጡ።

«ወራጅ ውሃ ንጹህ ነው»

ይህ አባባል የሚሠራበት ምንጭ ይኖር ይሆናል። አዋሽ ላይ አይሠራም። የአዲስ አበባ እጣቢ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው። በየመንገዱ ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ የሸንኮራ እርሻ አለ። ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ ውሃም በቦይ ይቀላቀለዋል። ከአራት ኪሎ በመኪና የመጣችሁ ሰዎች የአራት ኪሎን ውሃ ዞራችሁ ታገኙታላችሁ ማለት ነው።

«እናፈላዋለን» የሚል አለ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ በቂ ነው፣ ደጋ ላይ ሦስት ደቂቃ። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያም ጀርም ላይ ይሠራል። ኬሚካልና ጨው ግን በማፍላት አይወጣም። የሚጠጣውን በጄሪካን ጭናችሁ ሂዱ፤ ቆላ ስለሆነ ከምታስቡት በላይ ይፈጃል።

ሌላ ስህተት አለ፦ «አልጠጣሁም፣ ዋኘሁ ብቻ»። ቢልሃርዝያ በመጠጣት ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው፤ በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ ያለ በሽታ ነው። እግር ነክሮ መቀመጥም ይበቃዋል። ይህም ባይሆን አዞውን አትርሱት።

«ዙሪያውን ጋዝና ነጭ ሽንኩርት ከረጫችሁ እባብ አይደርስም»

የሚደርሰው የእሳት አደጋ ነው። እባብ የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ነው፤ አይጥ የሚመጣው ፍርፋሪ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ፍርፋሪውን አንሱ። እፉኝት ደግሞ ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት ጸጥ ብላ መተኛት ይቀናታል፤ ሰው የሚነደፈው ሲረግጣት ነው። ማታ በነጠላ ጫማ ያለ ባትሪ አትሂዱ። ጠዋት ጫማችሁን አራግፉ፤ ጊንጥም ቢሆን ይወድቃል።

ከተነደፈ በኋላ ያለው ስህተት ይብሳል። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ። ሁሉም ይቅር። ሰውየው አይሩጥ፤ ቀለበትና ሰዓቱን አውልቁለት፤ እጅ ወይም እግሩ ሳይንቀሳቀስ መኪና ላይ ጫኑትና ሂዱ። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ አንዱ እየነዳ ሌላው ስልክ ይደውል።

«ወባ የሚይዘው የበቆሎ አገዳ የበላ ነው»

አዲስ አበባም ይህን የሚል አዋቂ ሰው አለ። ወባ በትንኝ ነው፤ ትንኟ የምትነሳው ደግሞ ምሽት ላይ፣ እናንተ እሳት ዙሪያ በቁምጣ ስትቀመጡ ነው። ጭስ ትንሽ ያርቃታል እንጂ አያድንም። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያና መረቡ ያልተቀደደ ድንኳን ያስፈልጋል። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ ክኒን ሐኪም ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ትኩሳቱ ከተመለሳችሁ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት ወይም ከዚያም በኋላ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ጉንፋን ነው ብላችሁ ዝንጅብል ሻይ ላይ አትቆዩ። ክሊኒክ ስትገቡ «ቆላ ሄጄ ነበር» በሉ።

«ቆላ ነው፣ ምን ብርድ አለ?»

ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ያጋያል፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ሰው ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች ባዶ መሬት ላይ ይተኛል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ደግሞ መሬቱ ነው። አንዱን ብርድ ልብስ ከሥር አንጥፉ።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው»

እውነት? ፋሲለደስ ጎንደርን መቀመጫ እስኪያደርጉ ድረስ ነገሥታቱ ለዘመናት በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ ነበር። ለከተራ ጃንሜዳ የሚያድረው ሕዝብ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ድንኳን የሚተክለው ምዕመን ፈረንጅ አይደለም። እዚያው ፓርኩ አጠገብ የአፋር ሴቶች ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሠሩትን ቤት አፍርሰው፣ ግመል ላይ ጭነው፣ ሌላ ቦታ ያቆሙታል። እኛ የገዛነውን ድንኳን ወደ ከረጢቱ መመለስ እንኳ አቅቶን ስንታገል ለሚያዩን ለእነሱ እንግዶቹ እኛው ነን።

«ስካውት ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው»

በር ላይ ክፍያ ስትጨርሱ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ አብሯችሁ ይደር ሲባል ፊት የሚያጠቁር ብዙ ነው። እኔ ግን ከድንኳኑ ቀድሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው ባይ ነኝ። ጉማሬው የት እንደሚወጣ፣ ባለፈው ክረምት ውሃው የት እንደደረሰ፣ የትኛው መንገድ መኪና እንደሚውጥ ያውቃል። እራቱን ከእናንተ ጋር ይብላ፤ ውሃም ለእሱ የሚሆን ያዙ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ስለ አካባቢው ሁኔታ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ከቀየው ተፈናቅሏል። ቦታው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ፈንታሌም እሳተ ገሞራ ነው።

«ቆሻሻውን አቃጥለን ቀበርነው፣ አለቀ»

ጅብ ይቆፍረዋል። ሃይላንድ ቢቃጠል ጥቁር ድፍድፍ ሆኖ ይቀራል፤ ጣሳው ጨርሶ አይነድም። በፌስታል አስራችሁ ይዛችሁ ውጡ። መጸዳጃን በተመለከተ፣ ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ አንድ ስንዝር ያህል ጉድጓድ ቆፍሩና መልሳችሁ ድፈኑ። ወረቀቱም ሞደሱም አይቀበርም፤ ከፌስታሉ ጋር መኪና ላይ ይጫናል። ለዚህ የሚሆን ጥቁር ፌስታል ደረብ አድርጋችሁ ያዙ።