በባሕር ዳር የመብራት መጥፋትና የከተማዋ መላ

ባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ለሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከጣና ያህል ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ሐይቅ መጥቀስ ያዳግታል፤ ውኃው ከስድሳ ዓመት በላይ ተርባይን ሲያዞር ኖሯል። ይህ ሆኖ ሳለ የከተማዋ ኗሪ ሻማና ክብሪት ከእጁ የማይለይበት ወቅት ጥቂት አይደለም። ይህ ዳሰሳ መብራት ለሰዓታትና ለቀናት በሚጠፋበት ጊዜ ቤተሰቡ፣ ነጋዴውና ዓሣ አስጋሪው ሥራቸውን የሚያስኬዱበትን ልማድ ይመለከታል።

በከተማዋ አነጋገር «መብራት ሄደ» ሲባል አምፖል መጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም ኤሌክትሪክ መቋረጡን ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉንም መቋረጥ በአንድ ዓይን አያይም። መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ተግባር ሻማ መፈለግ ሳይሆን ደጅ ወጥቶ ማየት ነው። ጎረቤት በርቶለት የራስ ቤት ከጨለመ ችግሩ የቆጣሪው ወይም የካርዱ ነው፤ የካርድ ቆጣሪ ከገባ ወዲህ ይህ ጥርጣሬ ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል። አንዱ ቤት በርቶ ቀጣዩ ጨልሞ፣ ደግሞ ሌላው በርቶ ከታየ «ፌዝ ጠፍቷል» ይባላል፤ ፌዝ ማለት ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ማዶው ሰፈር ከበራ ትራንስፎርመሩ ተጠርጥሯል፤ ዓባይ ማዶም ከጨለመ ግን ጉዳዩ የዋናው መስመር ነውና ሰዉ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ምርመራ ቀላል ቢመስልም ቀጥሎ የሚደረገውን ሁሉ የሚወስነው እርሱ ነው፤ የመስመር ብልሽት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ሲጠገን፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን ተለዋጭ እስኪገኝ ቀናትን ሊወስድ ስለሚችል፣ ሊጥ ያቦካችም ሴት ሆነች ሥጋ ያስገባ ነጋዴ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የተለያየ ስሌት ይይዛሉ።

ከጢስ ዓባይ እስከ በለስ

የባሕር ዳርና የኤሌክትሪክ ታሪክ የሚጀምረው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ የጀመረው ይህ ፋብሪካ አስተማማኝ ኃይል ያስፈልገው ስለነበር፣ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው የጢስ እሳት ፏፏቴ አናት ውኃ የሚጠልፈው ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1964 አገልግሎት ጀመረ። አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም፣ ለዚያን ጊዜዋ ባሕር ዳር ፋብሪካውን አንቀሳቅሶ ለከተማዋም የሚተርፍ ኃይል ነበር። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የከተማዋን የጀነሬተርና የሞተር ጥገና ሙያ ዛሬም ድረስ ያቆሙት በአብዛኛው «የፖሊ ልጆች» ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ሐይቁ ራሱ እንደ ማጠራቀሚያ መታየት ጀመረ። የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው የጫራጫራ ግድብ በመጀመሪያ ሁለት መዝጊያዎች ኖረውት እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠናቀቀ፤ አምስት መዝጊያዎች ተጨምረውለት ሰባት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ሥራ ጀመረ። የከተማዋ ሽማግሌዎች የሚያነሡት ትልቁ ክርክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ወለል እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ የሐይቁ መርከቦች የሚንቀሳቀሱበት ዝቅተኛ መጠን ከሆነው 1,785 ሜትር በታች ስለወረደ፣ የውኃ ላይ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ቆመ፤ በዳርቻውም ሰፊ መሬት ከውኃ ወጣ። የኃይል ማመንጫው ውኃውን አብዝቶ ወሰደ የሚሉ አሉ፤ ሁለት ዓመት የዝናብ እጥረት ተከታትሎ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም፣ ምናልባትም ሁለቱ አንድ ላይ ተደርበው ሊሆን ይችላል። የጢስ እሳት ፏፏቴ መድከም ግን አከራካሪ አይደለም፤ ወደ ተርባይኑ የሄደ ውኃ በገደሉ አይወርድም።

የፏፏቴው ሸክም የቀለለው በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ነው። በለስ ውኃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ በኩል ወስዶ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ፣ ከመሬት በታች በተተከሉ አራት ተርባይኖች 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጢስ ዓባዮች ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ተጠባባቂ ሆኑ። የበለስ ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ባሕር ዳር መጥቶ፣ ከዚህ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ መሐል ሀገር ይሄዳል፤ ወደ ጎንደርና ወደ ሱዳን የሚዘልቀው መስመርም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ባሕር ዳር የሰሜን ምዕራቡ መስመር ቋጠሮ ናት ማለት ነው።

እንግዲህ ኃይሉ ከደጃፍ እያለፈ መብራት ለምን ይጠፋል? መልሱ በአጭሩ ማመንጨትና ማከፋፈል ሁለት ሥራ መሆናቸው ነው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማዳረሱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ፤ ሕዝቡ ግን ሁለቱንም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይላቸዋል። በእርግጥ በሀገር አቀፍ ደረጃ ኃይል የሚያጥርበት ጊዜ ነበር፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች ውኃ መቀነስ ምክንያት 476 ሜጋ ዋት ጉድለት መኖሩ ተገልጾ ፈረቃ ሲታወጅ፣ ባሕር ዳርም እንደሌላው በተራዋ ጨልማለች። ፈረቃ ግን ቢያንስ ሰዓቱ ይታወቃል። ከተማዋን ይበልጥ የሚያስቸግራት የሥርጭቱ ብልሽት ነው፦ ያረጀ የእንጨት ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር፣ በክረምት መብረቅ፣ የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲል የሚነሣው ነፋስ። ባሕር ዳርን ውብ ያደረጓት የመንገድ ዳር ዘንባባዎችና ዛፎችም ከሽቦው ጋር ይጣላሉ። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የሰፈር ትራንስፎርመርን ግን ግድብ አይቀይረውም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የጥገናን ሥራ ከባድ አድርጎታል።

በቤት ውስጥ

የቤት ውስጥ ችግር ማዕከሉ አምፖል ሳይሆን ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ ትንሽ ጀነሬተርም ሆነ የቤት ሶላር አይችለውም፤ ስለዚህ መብራት በማይኖርበት ጊዜ እንጀራ የሚጋገርበት መንገድ ወደ እንጨት መመለስ ብቻ ነው። ጥንቁቅ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቶ የእንጨቱን አይጥልም። ከጓሮ ያለው የጭቃ ምድጃ፣ ወይም «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለዚያ ቀን ይጠበቃል። ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ሊጡን ተሸክሞ ዘመድ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይሄዳል። ሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ አብሲቱ ተጥሎ ኩፍ ካለ በኋላ አንድ ቀን ቢያድር ይሆመጥጣል፣ ሁለት ቀን ቢያድር ለቤት እንጂ ለእንግዳ የማይቀርብ ይሆናል። ብዙ እናቶች መብራት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲመጣ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ይጋግራሉ፤ በክረምት ሌሊት በሰፈር መንገድ ያለፈ ሰው የእንጀራ ሽታ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። ወጡና ቡናው በከሰል ይሠራሉ። ላቀች የተባለው የሸክላና የቆርቆሮ ከሰል ምድጃ ከሰልን ስለሚቆጥብ ተመራጭ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ውኃ ነው። ለከተማዋ የሚደርሰው ውኃ ከምንጮችና ከጉድጓዶች በፓምፕ የሚገፋ በመሆኑ መብራት ሲቆይ ቧንቧውም ይደርቃል። ስለዚህ ሮቶ ያለው ሮቶውን፣ የሌለው በርሜልና ጀሪካኑን ሁልጊዜ ሞልቶ ያስቀምጣል፤ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ያለው ባለቤት በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ባለውለታ ነው። ለብርሃን ዛሬ ባለሶላር አምፖልና የስልክ ባትሪ ኩራዙንና ፋኖሱን ከሞላ ጎደል ተክተዋቸዋል፤ ጧፍ ግን ከቤተ ክርስቲያን ተርፎ በየቤቱ አይጠፋም። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች መብራት ወዳለበት ወደ ዘመድ ቤት ሄደው ማደራቸው የተለመደ ነው።

እድሮች በዚህ ረገድ ያላቸው ድርሻ እምብዛም አይነገርም። ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው እድር ጀነሬተርም ካለው፣ ለቅሶ ያለበት ቤት ማታ በጨለማ አይቀመጥም። ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሽማግሌዎች ተመርጠው ወደ አገልግሎት መስጫው ይመላለሳሉ፤ ለባለሙያዎች ባጃጅ የሚከራይላቸውም፣ ምሰሶ ተሸክሞ የሚያቆመውም አብዛኛውን ጊዜ የሰፈሩ ወጣት ነው። በዚህ ላይ መዋጮ ይሰበሰባል የሚባለው ነገር አንዳንዱ ዘንድ በጎ ፈቃድ፣ ሌላው ዘንድ ጫና ሆኖ ይወራል፤ በዝናብ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚሠራውን ባለሙያ ድካም ግን ማንም አይክድም።

በንግድ ቤቶች

ነጋዴው በሦስት ይከፈላል፦ ጀነሬተር ያለው፣ ያለ መብራት የሚሠራበት ሌላ መላ ያለው፣ እና ቆሞ የሚጠብቅ። በሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአውቶማቲክ የሚነሣ የናፍጣ ጀነሬተር አላቸውና እንግዳ ብዙም አያውቀው ይሆናል። ከእነርሱ በታች ያለው ካፌ ግን ትንሽዋን የቤንዚን ጀነሬተር ለፍሪጅና ለመብራት ያስነሣል እንጂ የቡና ማሽኑን አይጭንባትም፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ማኪያቶ ቀርቶ የጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ገበያ ይደራል። ቤንዚን ራሱ ሌላ ችግር ነው። ከማደያ በጀሪካን መቅዳት በተደጋጋሚ ስለሚከለከል፣ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ ዋጋ መግዛት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጀነሬተር ማስነሣት ከትርፉ ወጪው ይበልጣልና ብዙዎች መዝጋትን ይመርጣሉ።

ልብስ ሰፊዎች በዚህ ጉዳይ የታደሉ ናቸው። በእግር የሚረገጠውን ሲንጀር ያልሸጠ ሰፊ ሥራው አይቆምበትም፤ የከሰል ካውያም ከመደርደሪያው አልወረደም። ብየዳ ቤት፣ እንጨት ሥራና ወፍጮ ግን ባለሦስት ፌዝ ሞተር ስላላቸው መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን አንድ ፌዝ ቀርቶ ሁለቱ መኖራቸው ይበልጥ ያስፈራቸዋል፤ ሞተር የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነውና። የድሮው የናፍጣ ወፍጮ በከተማዋ ዳርና በዙሪያዋ ገጠር አሁንም አልጠፋም፤ መብራት በቆየ ቁጥር ከከተማ ወደዚያ በጋሪና በባጃጅ እህል ይጫናል። ፀጉር አስተካካዮች በሚሞላ ማሽን ይሠራሉ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ደግሞ ማሽኑ ቆሞ ጀነሬተሯ ስልክ በመሙላት ጥቂት ብር ታስገኝላቸዋለች። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መኖሩ ኤቲኤም ሲቆም ክፍያን አቅልሏል፤ የስልክ ማማዎቹ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ነው ታዲያ።

ሆስፒታሎች፣ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ ጀነሬተርን እንደ ትርፍ አይቆጥሩትም፤ በገጠር ጤና ኬላዎችም በሶላር የሚሠራ ማቀዝቀዣ እየተለመደ ነው።

በሐይቁ ዳርቻ

ዓሣ አስጋሪው ለመብራት መጥፋት ቅርብ አይመስልም፤ በጀልባም ሆነ በደንገል ታንኳ የሚያወጣው ቀረሶና አምባዛ ግን በረዶ ይፈልጋል። በረዶ ቤት ሲቆም ዋጋው ከጠዋት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወርዳል፤ ፊሌቶ የሚያዘጋጁትም ገዢ ያገኙለትን ብቻ አርደው የቀረውን በውኃ ውስጥ በሕይወት ለማቆየት ይሞክራሉ። ከሰሜንና ከምዕራብ ዳርቻ የሚገኘው አስጋሪ ግን ይህን ችግር በፀሐይ ፈትቶታል፤ ዓሣውን ቀዶ አድርቆ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲልክ ኖሯል። ከዋናው መስመር ርቀው በሚገኙ ደሴቶች ሶላር ከቀረበ ወዲህ የማታው ንባብ በጧፍ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

መብራት ሲመለስ

የመብራት መመለስም የራሱ ሥርዓት አለው። ሲመጣ ኃይሉ ከመጠን በላይ ሆኖ ወይም ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ብሎ ዕቃ ስለሚያቃጥል፣ ልምድ ያለው ሰው መብራት እንደሄደ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ነቅሎ አንድ አምፖል ብቻ እንደበራ ይተዋል፤ አምፖሉ ምልክቱ ነው። በርቶ ሩብ ሰዓት ያህል ከጸና በኋላ ፍሪጁ በስታቢላይዘር በኩል ይሰካል። ምጣድ የመጨረሻው መሆን ይገባዋል። ነገር ግን ሊጥ ያቦካ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ምጣዱን ስለሚሰካ፣ ትራንስፎርመሩ ገና ሳይሞቅ ፊውዙ ተመልሶ ይበጠሳል፤ ሰዉም እንደገና ደጅ ወጥቶ ወደ ዓባይ ማዶ ያያል።