የፕላስቲክ ሞዴል ሥራ፦ ከፍሬም እስከ መጨረሻው ቀለም

የፕላስቲክ ሞዴል ሥራ በፋብሪካ ተመርተው በካርቶን የሚሸጡ ክፍሎችን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ የአውሮፕላን፣ የታንክ፣ የመርከብ፣ የመኪና ወይም የሰው ትንሽ አምሳያ የመሥራት የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ስብስብ ኪት ይባላል። ክፍሎቹ፣ የመገጣጠሚያ መመሪያውና ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የሚለጠፉት ቁጥሮችና አርማዎች አብረው ይመጣሉ፤ ቀለምና ማጣበቂያ ግን ብዙውን ጊዜ ለብቻ ይገዛሉ። ሞዴልን ከአሻንጉሊት የሚለየው ስኬሉ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከእውነተኛው አካል በአንድ የታወቀ ምጥጥን ማነስ አለበት። ይሁን እንጂ በስሌት ብቻ ያነሰ ነገር ለዓይን እውነት አይመስልም። ሠሪው ውፍረቱን፣ ቀለሙንና ጥላውን በራሱ ዓይን እየመዘነ ካላስተካከለው፣ ልኩ የተስተካከለ የፕላስቲክ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ሥራው አስቸጋሪም አጓጊም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አጀማመሩ

አምሳያ መሥራት ጥንታዊ ነው፤ በግብፅ መቃብሮች ውስጥ 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእንጨት ጀልባዎች ተገኝተዋል። የፕላስቲክ ኪት ግን ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። እ.ኤ.አ. በ1936 ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1/72 ስኬል የተሠሩ አውሮፕላኖችን ፔንግዊን በሚል መጠሪያ ለገበያ አቀረበ። የተሠሩበት ሴሉሎስ አሲቴት ከጊዜ ብዛት የሚጣመም በመሆኑ ከዚያ ዘመን ተርፎ ክንፉ ቀጥ ያለ ሞዴል ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ሞዴል የሥልጠና መሣሪያ ሆነ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1942 ተማሪዎች 500,000 የእንጨት አውሮፕላኖችን በ1/72 እንዲቀርጹለት ጠየቀ፤ ዓላማውም ተኳሾች የወገኑን አውሮፕላን ከጠላቱ በቅርጹ ብቻ መለየት እንዲለምዱ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ፖሊስታይሪን የተባለው ርካሽ ፕላስቲክ ሁሉንም ለወጠው። ኒኮላስ ኮቭ በ1939 ለንደን ውስጥ ያቋቋመው ኤርፊክስ መጀመሪያ በአየር የሚነፉ የጎማ አሻንጉሊቶችን፣ ቀጥሎም ማበጠሪያ ያመርት ነበር። በ1949 ለፈርጉሰን ትራክተር ማስተዋወቂያ የሚሆን ሞዴል ሠራ፤ በ1952 ደግሞ የፍራንሲስ ድሬክን መርከብ ጎልደን ሃይንድን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ በዉልዎርዝ መደብሮች መሸጥ ጀመረ። በዓመቱ ሬቭል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሚዙሪ የተባለችውን የጦር መርከብ አወጣ። የዚያች መርከብ ስኬል 1/535 ነው። እንዲህ ያለው እንግዳ ቁጥር የሚመጣው በዚያን ጊዜ ሞዴሉ በካርቶኑ ልክ ይሠራ ስለነበር ነው።

ዛሬ የሙያው መዲና የጃፓኗ ሺዙኦካ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ የተባሉት ኪት አምራቾች ሁሉም መቀመጫቸው እዚያና በዙሪያዋ ነው። ታሚያ በ1946 የጀመረው በእንጨት መሰንጠቂያነት ነበር፤ ወደ ፕላስቲክ የገባው በ1960 ያማቶ በተባለችው የጦር መርከብ ነው። ብዙም ሳይቆይ ያወጣው የፓንተር ታንክ ባትሪና ሞተር በሆዱ እንዲይዝ ተደርጎ ስለተነደፈ መጠኑ 1/35 ሆነ። ያ የባትሪ ጉዳይ እስካሁን የመላው ዓለም የታንክ ሞዴሎችን መጠን ይወስናል። የባንዳይ የጋንዳም ሮቦት ኪቶችም ከ1980 ጀምሮ በታሪክ ውስጥ ያልነበረን ማሽን የሚሠራ አዲስ ትውልድ ወደ ሙያው አምጥተዋል። በነዚህ ኪቶች ላይ ከበድ ያለ አስተያየት የሚሰነዝሩ የቆዩ ሠሪዎች አሉ፤ ነገር ግን ያለማጣበቂያ እንዲገጥሙ ሆነው የተመረቱት የዛሬዎቹ ክፍሎች በጥራታቸው ብዙ የአውሮፕላን ኪቶችን ያስንቃሉ።

ስኬል

1/72 እና 1/48 የመጡት ከእግርና ከኢንች ልኬት ነው፤ በመጀመሪያው ስድስት እግር፣ በሁለተኛው አራት እግር አንድ ኢንች ይሆናል። አውሮፕላን በነዚህና በ1/32፣ ታንክ በ1/35፣ መኪና በ1/24፣ መርከብ በ1/350 እና በ1/700 ይሠራል። ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው፤ በ1/72 ከ15 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል፣ በ1/32 ግን 35 ይደርሳል። 263 ሜትር የነበረችው ያማቶ በ1/700 ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስትል በመርከቧ ላይ የሚቆመው መርከበኛ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ ወደ ኋላ ማስላት የበለጠ ያስተምራል። በ1/72 ሞዴል ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የክንፍ ጠርዝ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቢሆን ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ስፋቱ 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነ የላሜራ መገጣጠሚያ መስመር አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ክፍተት ማለት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ማንም አያበርም። በብሩሽ የተድበለበለ 0.1 ሚሊ ሜትር ቀለም ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ልስን ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የክንፉን ኋላ ጠርዝ ከውስጥ በኩል እየሞረዱ የሚያሳሱት፣ ቀለምን በስስ በስሱ የሚደራርቡት፣ የወንበር ቀበቶና የመስኮት ፍርግርግ የመሳሰለውን በፕላስቲኩ ምትክ በኬሚካል ተበልቶ ቅርጽ በወጣለት ስስ የናስ ላሜራ የሚተኩት ለዚህ ነው።

ቀለምም ያንሳል። ሩቅ ያለ ነገር በመካከል ባለው አየር ምክንያት ገርጥቶ ይታያል፤ ትንሽ ሞዴልን ማየት ደግሞ እውነተኛውን ከርቀት እንደማየት ነው። ስለዚህ በእውነተኛው ታንክ ላይ የተቀባው ቀለም ራሱ ተቆርሶ ቢመጣ በ1/72 ላይ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል። ምን ያህል ነጭ ይጨመርበት በሚለው ላይ ቀመር ያወጡ አሉ፤ እኔ ግን ሞዴሉ በሚቀመጥበት ብርሃን ሥር እያዩ መወሰንን የሚያክል ነገር አላገኘሁም።

መገጣጠም

ክፍሎቹ የሚወጡት የቀለጠ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት በብረት ፎርማ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ፕላስቲኩ የፈሰሰበት ቦይም ክፍሎቹን የያዘ ፍሬም ሆኖ ይቀራል። ፎርማው የራሱን ምልክት ይተዋል። ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር፣ ክፍሉን ገፍቶ ያስወጣው ዘንግ የተወው ክብ ጠባሳ፣ ወፍራም ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ስርጉድ፣ ባረጀ ፎርማ ላይ ደግሞ በጠርዙ የሚያፈተልክ ትርፍ ፕላስቲክ ይታያል። ሥራ የሚጀምረው እነዚህን በማጥፋት ነው። ክፍሉ ከፍሬሙ ሲቆረጥ መጀመሪያ ትንሽ ራቅ ተብሎ፣ ቀሪው ጉጥ በምላጭ፣ የመጨረሻው ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። አንድ ጊዜ አስጠግቶ የቆረጠ ፕላስቲኩን ቦጭቆ ጉድጓድ ያተርፋል።

ለፖሊስታይሪን የሚሆነው ማጣበቂያ ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ የሚበይድ ነው። ቀጭኑ ዓይነት ውሃ ይመስላል። ሁለቱ የአውሮፕላን አካል ግማሾች ደርቀው እንዳሉ ይገጠሙና በጣት ይያዛሉ፤ የብሩሹ ጫፍ መገጣጠሚያውን ሲነካ ፈሳሹ በስንጥቁ ውስጥ በራሱ ይሮጣል። ጥቂት ቆይቶ ጫን ሲደረግ የለሰለሰ ፕላስቲክ እንደ ቀጭን ክር ወደ ውጭ ይወጣል፤ መገጣጠሚያው መሞላቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ያ ክር በማግስቱ ሲሞረድ መስመሩ ይጠፋል፣ ስቱኮም ላያስፈልግ ይችላል። ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተጀምሮ የሚጠነክር ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት) እና ብረት ግን በዚህ ማጣበቂያ አይያዙም፤ ሱፐር ግሉ ይፈልጋሉ። ሱፐር ግሉ በበኩሉ በትነቱ መስታወት መሳይ ክፍሎችን ስለሚያጨልም የአውሮፕላን መስኮት በነጭ የእንጨት ኮላ ይለጠፋል።

ቀለምና እርጅና

ከቀለም በፊት ሞዴሉ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ የፎርማ ቅባትና የጣት ወዝ ቀለም አያስይዝም። ቀጥሎ ፕራይመር የሚባለው ግራጫ ወይም ጥቁር የመነሻ ቀለም ይነፋል። ፕራይመር ቀለም ከማስያዝ በላይ ጉድ ያወጣል፤ ጠፍቷል የተባለ መገጣጠሚያ ሁሉ እዚህ ላይ ይታያል። ብዙዎች የሚጠቀሙት ከአየር መጭመቂያ (ኮምፕሬሰር) ጋር የሚሠራ ኤርብራሽ የተባለ ትንሽ የቀለም መርጫ ሲሆን ቀለሙ እንደ ወተት ቀጥኖ በ1 እና በ1.5 ባር መካከል ባለ ግፊት ይረጫል። ኤርብራሽ የሌለው ሰው ሙያው አይመለከተኝም ማለት የለበትም። የሰው ምስል በአብዛኛው እስከ ዛሬ የሚቀባው በብሩሽ ነው፤ ፊትን ብሩሽ እንደለመደ እጅ አሳምሮ የሚያወጣውም የለም።

ቁጥሮችና አርማዎች የሚለጠፉት በውሃ ነው። ወረቀቱ ተቆርጦ ውሃ ይነካና ትንሽ ይጠበቃል፤ ስሱ ፊልም ሲላቀቅ በብሩሽ እየተገፋ ወደ ቦታው ይንሸራተታል። ከሥሩ ያለው ቀለም ፈዛዛ ከሆነ በሻካራው ገጽ ውስጥ አየር ይታፈንና ፊልሙ በብርሃን እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ አስቀድሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ የሚቀባው ይህ እንዳይሆን ነው። በላዩ የማለስለሻ ፈሳሽ ሲደረግ ፊልሙ ተጨማዶ የተበላሸ ይመስላል። በዚህች ሰዓት እጅ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ሲደርቅ በየመስመሩና በየብሎኑ ውስጥ ሰጥሞ እንደተቀባ ይሆናል።

እርጅናን ማሳየት የራሱ ጥበብ አለው። ቤልጂጋዊው ፍራንስዋ ቬርሊንደን ቀጭን ጥቁር ቀለም በስርጉዱ ማፍሰስንና በደረቅ ብሩሽ ጉብታውን ማብራትን በሰፊው አስለመደ፤ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ደግሞ በ1970ዎቹ ሞኖግራም ከተባለው ድርጅት ኪቶች ጋር በሚወጡት ወረቀቶቹ ሞዴልን ከነአካባቢው የሚያሳየውን ዲዮራማ ለብዙ ሰው አስተማረ። ከኋላ የመጣ አንድ ዘዴ በፀጉር ስፕሬይ ይሠራል፤ የዝገት ቀለም ይቀባል፣ ስፕሬዩ ይነፋበታል፣ በላዩ የታንኩ አክሪሊክ ቀለም ይረጫል። ከዚያ ገጹ በውሃ ረጥቦ በጠንካራ ብሩሽ ሲፈተግ ስፕሬዩ ይሟሟና የላይኛው ቀለም እየተቀረፈ ዝገቱ ይገለጣል። ውጤቱ ስለሚያስደስት ማቆም ይከብዳል። ጥቂት ወራት ብቻ የተዋጋ ታንክ ለሃምሳ ዓመት ሜዳ ላይ የተጣለ ይመስል ዝጎ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ፎቶግራፍ ሳያዩ ማስረጀት ትልቁ የዘመኑ ድክመት ይመስለኛል።

ፎቶግራፍም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ቀይ ብርሃን በማይቀበለው የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይ እንደ ጥቁር፣ ሰማያዊ እንደ ነጭ ይወጣል። የቀለም ክርክሩ የማያልቀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ራልን ወይም ኤፍኤስ 595ን የመሰሉ የቀለም መለያ ደረጃዎች ይረዳሉ፤ ሆኖም ጦር ሜዳ ላይ በነዳጅ የቀጠነ፣ በፀሐይ የነጣ ቀለም ከካርዱ ጋር እንዲገጥም መጠበቅ ከንቱ ነው።

ማኅበርና ውድድር

ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በ1963 በእንግሊዝ ተመሥርቶ ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፎች አሉት፤ በየዓመቱ በኅዳር ወር አካባቢ በቴልፎርድ የሚካሄደው ትርዒቱም ከትልልቆቹ አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ውድድር ላይ ዳኛ መጀመሪያ የሚያየው መሠረቱን ነው፤ ክንፎቹ እኩል ናቸው ወይ፣ ጎማዎቹ ሁሉ መሬት ይነካሉ ወይ፣ መገጣጠሚያ ይታያል ወይ። ባትሪ አብርቶ ሆዱን ያያል። ድንቅ ቀለም ያለው ሞዴል አንድ እግሩ ስለዘመመ ብቻ ሊወድቅ ይችላል፤ ጨካኝ ቢመስልም አግባብ ያለው ሕግ ነው።

ጤናን በተመለከተ የላከር (በጠንካራ ማሟሟያ የሚቀጥን ቀለም) እና የማጣበቂያ ትነት ኦርጋኒክ ጋዝ የሚያጣራ ጭምብልና አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ይጠይቃል። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በውሃ እያረጠቡ መሞረድ ይገባል። የሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ማተሚያ ቤት ለቤት ከገባ ወዲህ ደግሞ ያልደረቀው ፈሳሽ ሬዚን ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጓንት የግድ ሆኗል። ይኸው ማተሚያ ፋብሪካ የማይደፍራቸውን ነገሮች አምጥቷል፤ በ1/700 መርከብ ላይ ፀጉር የሚያክል የመድፍ አፈሙዝ ዛሬ ታትሞ ይመጣል፣ የሚተክለው ግን እስካሁን በወረንጦ የያዘው የሰው እጅ ነው።