ለጥልቅ ባሕር ብቁ የሆነ ትንሽ ጀልባ ምን ዓይነት ነው?

ትንሽ ጀልባ ገዝቶ ከዳርቻ ርቆ ዓሣ ለማጥመድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁሌም አንድ ነው። «ስንት ሜትር ቢሆን ይበቃል?» ሻጩም ደስ ብሎት ቁጥር ይነግረዋል። ርዝመት ዋጋ የለውም አልልም። ግን ከርዝመት የሚቀድም ጥያቄ አለ። ውሃ ሲገባበት ይህ ጀልባ ምን ይሆናል?

ባሕር መሀል ትንሽ ጀልባ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ማዕበል ከፊት ይረጫል፣ ከኋላ ዘሎ ይገባል፣ ቱቦ ይላቀቃል፣ ዝናብም አለ። ለባሕር ብቁ የሚባለው ጀልባ የገባበትን ውሃ ቶሎ የሚያስወጣ ነው። እስኪያስወጣ ድረስ ሚዛኑን አይስትም። የከፋው መጥቶ ቢሞላ እንኳ አይሰምጥም። ሌላው ሁሉ፣ ሞተሩም ሬዲዮውም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

በወረቀት እንጀምር። በአውሮፓ ሕብረት ገበያ የሚሸጥ የመዝናኛ ጀልባ የዲዛይን ደረጃው የተጻፈበት ሰሌዳ አለው። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። «ዲ» የተከለለ ውሃ ነው። ነፋሱ በቦፎርት መለኪያ እስከ 4፣ ማዕበሉ እስከ 0.3 ሜትር፣ አልፎ አልፎ ቢበዛ 0.5። «ሲ» እስከ ቦፎርት 6 እና እስከ 2 ሜትር ማዕበል ይሄዳል። «ቢ» እስከ ቦፎርት 8 እና 4 ሜትር። «ኤ» ከዚያ በላይ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች «ሲ» ናቸው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። 2 ሜትር ሲባል ትልቁ ማዕበል 2 ሜትር ነው ማለት አይደለም። ከሚመጡት ማዕበሎች ውስጥ ከፍ ከፍ ያለው አንድ ሦስተኛ ተለይቶ፣ የእሱ አማካይ ነው። የአየር ትንበያ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ የዋለ ሰው የዚህን እጥፍ የሚጠጋ ማዕበል ቢያጋጥመው ሊገርመው አይገባም። ሌላም አለ። አንዳንድ ጀልባ ሰሌዳው ላይ ሁለት ደረጃ ይጻፍበታል። ስድስት ሰው ከጫነ «ሲ»፣ አራት ከሆነ «ቢ» ሊል ይችላል። ጀልባው ያው ነው፣ ሞተሩም ያው ነው። የተለወጠው ጭነቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጀልባ ሲታይ ከነጭነቱ ነው መታየት ያለበት። ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለው ቁመት ፍሪቦርድ ይባላል። ጀልባ ተጎታች ላይ ቆሞ ሲታይ ሁሉም ግርማ ሞገስ አለው። ነዳጅ ሲሞላ፣ የበረዶ ሳጥኑ ሲገባ፣ አራት ሰው ከነማጥመጃው ሲሳፈር ግን ጠርዙ ወደ ውሃው ይወርዳል። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ክብደቱን የሚያበዛው ኋላ ላይ ነው። ሞተሩ እዚያ ነው፣ ባትሪው እዚያ ነው፣ ሕያው ዓሣ የሚቀመጥበት ገንዳም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሞላ ማለት 100 ኪሎ ተጨመረ ማለት ነው። ያውም ዝቅተኛው ጫፍ ላይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ወለሉ እንግባ። 5 ሜትር በ1.8 ሜትር የሆነ ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ 900 ሊትር ነው። የባሕር ውሃ ስለሆነ ከ900 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ቁርጭምጭሚት ጋ የሚደርስ ውሃ ማለት እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰው ባንዴ ዘሎ እንደ መግባት ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቁጭ አይሉም። ጀልባው ወደ ቀኝ ዘንበል ሲል ሁሉም ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፣ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ። ትንሽ ጀልባን ከሁሉ በላይ የሚገለብጠው ይህ ወዲህ ወዲያ የሚንሸራተት ውሃ ነው። ማዕበሉ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ቀሪውን ሥራ የሚጨርሰው ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

መፍትሔው ራሱን የሚያፈስ ወለል ነው። ወለሉ ከውጭው ውሃ ከፍ ብሎ ይሠራል፣ ኋላ በኩል ቀዳዳ ይተውለታል፣ የገባው ውሃ ያለ ፓምፕ በራሱ ይወጣል። ማስታወቂያው ላይ ሁሉም ጀልባ ይህ አለው። እውነቱን ማወቅ የሚቻለው ግን ወደብ ላይ ታስሮ ሳለ ነው። ነዳጁን ሙሉ። ገንዳውን ሙሉ። ከዚያ ሦስት ወፍራም ወፍራም ጓደኞቻችሁን ኋላ ጥግ ላይ፣ ልክ ዓሣ ተይዞ ሁሉም ሊያየው እንደሚሰበሰብበት አድርጋችሁ አቁሟቸው። አሁን ቀዳዳዎቹን እዩ። ውሃ ከውጭ ወደ ውስጥ እየገባ የጓደኞቻችሁን ጫማ ካራሰ፣ ያ ወለል ራሱን አያፈስም። ራሱን የሚሞላ ወለል ነው። አንዳንዱ ባለቤት ለዚህ መላው ቀዳዳውን በጎማ ክዳን መድፈን ነው። እግሩ ደረቀ፣ ግን ማዕበል ሲገባ የሚወጣበት በር የለም።

የቀዳዳውም ስፋት መታየት አለበት። ጣት የማታስገባ ቀዳዳ በአንድ የዓሣ ቅርፊትና በአንድ የላስቲክ ቁራጭ ትደፈናለች። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍታችሁ እስኪወጣ ድረስ ቆማችሁ እዩ። ወለሉ ላይ ያሉት መክደኛዎችስ? ክዳናቸው ጎማ አለው? ይቆለፋል? ወለሉ ውሃውን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጀልባው ከርስ፣ ከወለሉ ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ፣ የሚያወርደው ከሆነ ችግሩን ደበቀው እንጂ አልፈታውም።

ከዚያ የኋላውን ግድግዳ እዩ፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን። አሮጌ ጀልባዎች ላይ ይህ ግድግዳ ለሞተሩ ሲባል በግማሽ ተቆርጦ ዝቅ ይላል። ቁመቱን የሚወስነው የሞተሩ ዘንግ ነው። ረጅም የሚባለው 51 ሴንቲ ሜትር፣ በጣም ረጅም የሚባለው 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ግን የምትፈልጉት እሷኑ ነው። ከግድግዳው ፊት ለፊት ውሃ የሚይዝና ወደ ውጭ የሚመልስ ጥልቅ ገንዳ ከሌለ፣ ግድግዳውም ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ከውጭ ካልታሰረ፣ እኔ በበኩሌ ያንን ጀልባ ይዤ ዳርቻው ከዓይን እስኪጠፋ አልሄድም።

ኋላው ደካማ ጎን መሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 አራት ጓደኛሞች ከፍሎሪዳ ተነስተው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በ21 ጫማ ጀልባ፣ 6.4 ሜትር መሆኑ ነው፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጡ። ሊመለሱ ሲሉ መልሕቃቸው ሥር ተይዞ አልነሳ አለ። ገመዱን ኋላ አስረው በሞተር ኃይል ሊነቅሉት ሞከሩ። ገመዱ የጀልባውን ኋላ ወደ ታች ጎተተው፣ ውሃው ገባ፣ ጀልባው ተገለበጠ። ሦስቱ እንደ ጠፉ ቀሩ። አንዱ ሁለት ቀን ገደማ ቆይቶ የተገለበጠው ጀልባ ሆድ ላይ ተገኘ። ጀልባው ጥሩ ከሚባሉት ነበር። መልሕቅ ከፊት ይታሰራል። እምቢ ካለ ገመዱ ይቆረጣል፣ ለዚህም የሚሆን ቢላ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

ያ ሰው የተረፈው ጀልባው ተገልብጦም ስላልሰመጠ ነው። ይህ የፎም ሥራ ነው፣ በጀልባው አካል ውስጥ የሚሞላው ቀላል ተንሳፋፊ ነገር። በአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ አብዛኞቹ ባለ ውጭ ሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞሉም ሳይገለበጡ አግድም እንዲንሳፈፉ ተደርገው መሠራት አለባቸው። 20 ጫማ 6 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሕጉ አያስገድድም። ስለዚህ 7 ሜትር የሆነው ጀልባ ሲሞላ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ 5.5 ሜትር የሆነው ግን ሊንሳፈፍ ይችላል። «ትልቁ ይሻላል» የሚለው እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። አሮጌ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ፎሙ ባለፉት ዓመታት ውሃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ጀልባውን አስመዝኑትና አምራቹ ከጻፈው ክብደት ጋር አነጻጽሩት። መቶ ሁለት መቶ ኪሎ ያለ ምክንያት ከጨመረ ምክንያቱ እዚያ ውስጥ ነው።

ርዝመት ዋጋ የሚኖረው የሚሰበር ማዕበል ከጎን ሲመታ ነው። በሸራ ጀልባ ሞዴሎች ላይ በተደረጉ የገንዳ ሙከራዎች፣ ቁመቱ የጀልባውን ርዝመት 30 በመቶ የሚሆን የሚሰበር ማዕበል አንዳንዶቹን ገልብጧል። 60 በመቶ ሲደርስ የቀረ የለም። ለ6 ሜትር ጀልባ 30 በመቶው 1.8 ሜትር ነው። ትንበያ ስታነቡ ይህችን ቁጥር ያዟት። ከቁመቱ ጋር ደግሞ በሁለት ማዕበል መካከል ያለውን ሰከንድ አንብቡ። በየ12 ሰከንዱ የሚመጣ 1.5 ሜትር ማዕበል ከጫፍ ጫፉ 225 ሜትር ያህል ስለሚራራቅ ጀልባው ቀስ ብሎ ወጥቶ ይወርድበታል። ያው 1.5 ሜትር በየ5 ሰከንዱ ከመጣ ርቀቱ 39 ሜትር ብቻ ነው። ያኔ ዓሣ ማጥመዱ ቀርቶ መቆሙም ጣጣ ነው። ነፋስና የውሃ ፍሰት ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ማዕበሉ አጭርና ቁልቁል ይሆናል። በተለይ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ።

ስለ ሆዱ ቅርጽ ብዙ አልልም። ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ወደብ ላይ ወለል ያህል ይረጋል፣ ማዕበል ላይ ግን ጀርባ ይሰብራል። ጥልቅ «ቪ» ቅርጽ ያለው ቆሞ ሲሆን ይወዛወዛል፣ ሲሄድ ማዕበሉን ይቆርጣል። ይህ ቅርጽ ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ሬይ ሃንት የነደፈው «ሞፒ» የተባለ ጀልባ ከማያሚ እስከ ናሶ ያለውን ውድድር በከባድ ባሕር ካሸነፈ በኋላ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ጠፍጣፋውን የያዘ ሰው ቀስ ብሎ መሄድና ቀኑን መምረጥ አለበት፣ በቃ።

ፓምፕ ላይ ግን ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚያምነው እሱን ስለሆነ። ከውሃ ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ቢከፈት በደቂቃ 170 ሊትር ገደማ ይገባል። ትንንሽ ጀልባ ላይ የተለመደው 1100 ጋሎን በሰዓት የሚባለው ፓምፕ በደቂቃ 70 ሊትር የማይሞላ ነው። ያውም በፋብሪካ መለኪያ። ውሃውን በቱቦ ወደ ላይ መግፋት ሲጀምርና ባትሪው ሲደክም ከዚያም ያንሳል። ፓምፕ ለእርጥበትና ለርጭት እንጂ ለቀዳዳ አይደለም። ለቀዳዳው መድኃኒቱ የጀልባውን ሆድ በስቶ በሚያልፈው ቧንቧ ላይ ያለው መዝጊያ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እያንዳንዱን በእጃችሁ አዙሩት። ዝጎ አልዞር ካለ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ባትሪውም ከርሱ ሥር ከተቀመጠ ውሃው ሲገባ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው፣ ከእሱ ጋር ፓምፑም ሬዲዮውም።

ሞተር ጠፍቶ የቆመ ጀልባ በራሱ ጎኑን ለማዕበል ይሰጣል። ለዚህ ነው ሁለተኛ ትንሽ ሞተር ይዞ መሄድ ቅንጦት ያልሆነው፣ በተለይ ከራሱ የነዳጅ ጋን ጋር። ብዙ ጊዜ ሞተር የሚያጠፋው ውሃ የገባበት ነዳጅ ነውና ሁለቱም ከአንድ ጋን ከጠጡ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ነዳጅ ሲሰላ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ ቀሪው ላልታሰበ ነገር ነው።

ሬዲዮን በተመለከተ፣ ስልክ ላይ አትመኩ፣ ኔትዎርኩ ብዙ ሳይርቁ ይጠፋል። ቪኤችኤፍ የሚባለው የጀልባ ሬዲዮ በቻናል 16 የአደጋ ጥሪ ያደርጋል፣ ግን የሚደርሰው አንቴናው «እስካየ» ድረስ ነው። የእጅ ሬዲዮ ውሃው አጠገብ ሆኖ ከጥቂት የባሕር ማይል አይዘልም። ከዚያ ለሚርቅ ሰው በ406 ሜጋ ኸርዝ ለሳተላይት ምልክት የሚልክ የግል መሣሪያ ያስፈልገዋል። እሱም ሰውነት ላይ ታስሮ ነው የሚያዘው፣ ከለበሱት የሕይወት አድን ጃኬት ጋር። በ2009ኙ አደጋ ጃኬቶቹ የወጡት አንደኛው ከተገለበጠው ጀልባ ሥር ጠልቆ ነው። መሣሪያውን ስትገዙ በስማችሁ አስመዝግቡት፣ የባትሪው ማብቂያ ቀን ከጎኑ ተጽፏልና እሱንም እዩ።