መፋቂያ ብረት፦ የሚወራውና እውነታው

የእንጨት ገጽ ፍቃ የምታለሰልስ፣ መዳፍ የምታህል ቀጭን ብረት ናት። እጀታ የላትም፣ ሞተር የላትም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ እንጨት ሠሪ የሚንቃት።

«ቀለምና ኮላ መፋቂያ ናት»

ለዚያማ የትኛውም ብረት ይበቃል። ይህቺ ግን ትቆርጣለች። ጠርዟ ላይ ዓይን የማይለየው፣ ጣት ሲዳብሰው ያዝ የሚያደርግ ትንሽ መንጠቆ አለ። ሥራው ሁሉ የሱ ነው። መንጠቆው ካለ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ይወጣል። ከሌለ ዱቄት ብቻ ይበናል። ዱቄት ካያችሁ ጉልበት አትጨምሩ፤ ጠርዙን አስተካክሉ።

«ማንኛውም ላሜራ ይሆናል»

አይሆንም። የበርና የመስኮት ላሜራ ለስላሳ ነው፤ መንጠቆው ወዲያው ይተኛል። የሚሻለው ያረጀ የእጅ መጋዝ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ አታጡም። ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ስትፍቁ በአውራ ጣት ግፊት ይለመጣል። ጥርሱ የጠቆረ መጋዝ ከሆነ ግን ጥርሱ በሙቀት ስለጠነከረ ሞረድ አይበላውም። ከገላው ቁረጡ። በግራይንደር ስትቆርጡም ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን አታግሉት፤ ጥንካሬውን ያጣል።

«መንጠቆው የሚወጣው በኃይል ሲጫኑት ነው»

አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። መጀመሪያ ብረቷን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ጠርዟን በሞረድ ቀጥ፣ ከጎኗ ጋር 90 ዲግሪ ታደርጋላችሁ። ቀጥሎ ጠርዙንም ሁለቱን ጎኖችም የሞረዱ ጭረት እስኪጠፋ በመሳያ ድንጋይ ማሸት ነው። ይህን የዘለለ ሰው እንጨቱ ላይ መስመር በመስመር ይወጣበታል፣ ከዚያ «ብረቷ አትረባም» ይላል።

ከዚያ ከሷ የጠነከረና ገጹ ልሙጥ የሆነ ክብ ብረት ያስፈልጋል። ጋራዥ የተጣለ የሞተር ቫልቭ ዘንጉ ደህና አድርጎ ይሠራል። ካቻቢቴ ግን ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ መፋቂያዋ ራሷ ትጭረዋለች። ብረቷን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ፣ ጎኗን በጠርዙ በኩል በክቡ ብረት ጥቂት ጊዜ እሹት። መጨረሻ ላይ አቁማችሁ እሰሯትና ክቡን ብረት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ ዘንበል አድርጋችሁ በጠርዟ ላይ ሁለት ሦስቴ አሳልፉ። ቀስ ብላችሁ። ከበዛ መንጠቆው ወደ ታች ይጠቀለልና እንጨቱን መንካት ይተዋል።

«ብርጭቆ ወረቀት እያለ ምን ያደርጋል?»

የወይራ እንጨት የሠራ ሰው ይህን አይጠይቅም። ክሩ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ መላጊያ ይነቅለዋል። ዋንዛም ጉጡ አካባቢ እንዲሁ ነው። መፋቂያዋ ሳትነቅል ታልፈዋለች፣ ያንን ሁሉ አቧራም አታስውጣችሁም። ለስላሳ እንጨት ላይ ግን ወረቀቱ ያሸንፋል፤ እሷ ክሩን ጨፍልቃ ታልፋለች።

«ወጣ ገባ ጣውላ ታስተካክላለች»

ያ የመላጊያ ሥራ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስትደጋግሙ ጎድጎድ ይላል፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ያጋልጣችኋል።

«ከደነዘዘች እንደ አዲስ መሞረድ ነው»

ገና ነው። ጎኗን መልሳችሁ አሽታችሁ መንጠቆውን እንደገና አዙሩት፤ ደጋግሞ ይሠራል። ሞረድ የሚመጣው ይህ አልሆን ሲል ነው። ሌላው የሚያማርረው አውራ ጣት ማቃጠሏ ነው። እሱ እውነት ነው። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ማግኔት ከጀርባዋ ለጥፉባት።