«ልጄ አያስነብበኝም»

በመዋዕለ ሕፃናት የምናስተምር ሰዎች ከወላጆች የማናጣው አቤቱታ ይህ ነው፤ «የሥዕል መጽሐፍ ሳነብለት በየመሐሉ ያቋርጠኛል፤ ለመጽሐፍ ገና አልደረሰም።» መስማቱ ሰልችቶኛል። ያ ልጅ ደርሷል። የሚያቋርጠው ታሪኩ ውስጥ ስለ ገባ ነው።

አንዲት እናት ለሦስት ዓመት ልጇ ስታነብ አጠገባቸው ነበርሁ። ልጁ ገጹ ጥግ ላይ ያለች ጫጩት ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይቺ ለምን ብቻዋን ሆነች?» አላት። ጽሑፉ ስለ ጫጩቷ አንድም ቃል አይልም፤ ልጁ ከሥዕሉ ያነበበው ነው። እናትየው እጁን አንሥታ «ዝም ብለህ አዳምጥ» አለችና ገጹን ገለጠች። ከዚያ በኋላ ልጁ መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አነበበች። ለማን?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ፈትኖታል። ልጆቹ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ነበሩ፤ ወላጆቻቸው በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ ሁለቱም ወገን ያነብላቸዋል። አንደኛው ወገን ግን እየጠየቀና የልጁን መልስ እያሰፋ እንዲያነብ ሠለጠነ። በአንድ ወር ውስጥ የእነዚህኞቹ ልጆች ንግግር ከሌሎቹ ቀድሞ ተገኘ።

ስለዚህ ልጁ «ውሻ!» ሲል «አዎ፣ ትልቅ ውሻ! ወዴት የሚሮጥ ይመስልሃል?» በሉትና ጠብቁት። እባካችሁ ጠብቁት፤ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይወስድበታል። «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» እያላችሁ ብቻ አታፋጥጡት። መጽሐፉ ሳያልቅ ቢዘጋም ምንም አይጎድልም።

ከወላጆች የምሰማቸው ሌሎች ሰበቦችም አሉ። «ፊደል ሳይቆጥር መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው የሸመደደ ልጅ እንኳ ቀድሞ ያልሰማውን ቃል ይጠራዋል እንጂ አይረዳውም።

«ያንኑ መጽሐፍ መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው።» አይደለም። አዲስ ቃል የሚያዘው በድግግሞሽ ነው።

«ውጭ አገር ሆነን በአማርኛ ብናነብለት እንግሊዝኛው ይበላሻል።» አይበላሽም። ወላጅ አብልጦ በሚችለው ቋንቋ የሚያወራውም ይበረክታል።

«አያቱ ማንበብ አይችሉም።» ይህኛው ያናድደኛል። የማውቃቸው አንዲት እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ በሬዎች የተሣሉበትን ገጽ ይዘው ግን ስለ ሞፈሩ፣ ስለ ቀንበሩና ስለ እርፉ ለልጅ ልጃቸው የተረኩት መጽሐፉ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ ነበር። መጽሐፉን ለእሳቸውም ስጧቸው፤ ልጁንም አጠገባቸው አስቀምጡት።