በስፓኒሽ ፍላጎትና ምኞት እንዴት ይነገራል?

በስፓኒሽ ፍላጎትን የሚናገረው ዋናው ግሥ «ኬሬር» ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ግሥ መልክ የሚወስነው ፈላጊውና አድራጊው አንድ ሰው መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነው። አንድ ከሆነ ሁለተኛው ግሥ ሳይረባ በንዑስ አንቀጽ ይቀመጣል፤ «ኪዬሮ ኮሜር»፣ መብላት እፈልጋለሁ። ሁለት ከሆኑ በመካከል «ኬ» ትገባና ግሡ «ሱብኹንቲቦ» ወደሚባለው ዘንድ አንቀጽ ይለወጣል፤ «ኪዬሮ ኬ ኮማስ»፣ እንድትበላ እፈልጋለሁ። አማርኛም «መብላት» እና «እንድትበላ» ብሎ በዚሁ መስመር ስለሚለይ፣ አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ በኩል ከመዞር ከራሱ ቋንቋ ቢነሳ ይቀለዋል። «እንድትበላ እፈልጋለሁ» ለማለት በእንግሊዝኛው ሥርዓት ተመርቶ «ቴ ኪዬሮ ኮሜር» ያለ ሰው «ልበላህ እፈልጋለሁ» ብሎ ቁጭ ይላል።

ዘንድ አንቀጹ የሚወጣው ከአሁን ጊዜ የ«እኔ» መደብ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኦ» ትወድቅና፣ በ«አር» የሚያልቁ ግሦች «ኤ»፣ በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት ደግሞ «አ» ይተካሉ። «አብሎ» (እናገራለሁ) «አብሌ»፣ «ቤንጎ» (እመጣለሁ) «ቤንጋ» ይሆናል። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡት ስድስት ናቸው፤ ሴር «ሴአ»፣ ኤስታር «ኤስቴ»፣ ኢር «ባያ»፣ አቤር «አያ»፣ ሳቤር «ሴፓ»፣ ዳር «ዴ»። ስድስቱም ዕለት በዕለት የሚያስፈልጉ ስለሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ በቃል ሊያዙ ይገባል። የድምፅ ጫናም ትርጉም ይለውጣል፦ «አብሌ» መጀመሪያው ላይ ከተጫነ «ይናገር»፣ መጨረሻው ላይ ከተጫነ «ተናገርኩ» ነው።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ገብቶ «ኪዬሮ» ማለት ስህተት ባይሆንም ሻከር ይላል። «ኪስዬራ ኡን ካፌ» (ቡና ፈልጌ ነበር) ወይም «ሜ ጉስታሪያ» (ደስ ይለኝ ነበር) ለስለስ ያለ ነው። በስፔን ቡና ቤቶች ግን «ሜ ፖኔስ ኡን ካፌ?» (ቡና ትሰጠኛለህ?) ብሎ በጥያቄ ማዘዝ የተለመደ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። «ሜ ጉስታሪያ ኬ» ከተባለ ቀጣዩ ግሥ የኃላፊ ጊዜ ዘንድ አንቀጽ ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ «ቢንዬሮን» (መጡ) ከሚለው «ሮን» ተነሥቶ «ራ» ይገባል፤ «ሜ ጉስታሪያ ኬ ቢንዬራስ»፣ ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ለምኞት ከሁሉ የተወደደው ቃል «ኦኻላ» ነው። የአንዳሉስ ዓረብኛ፣ ማለትም በመካከለኛው ዘመን በሙስሊሞች ትተዳደር በነበረችው ስፔን ይነገር የነበረው ዓረብኛ፣ ቅርስ ሲሆን መነሻው «አላህ ቢፈቅድ» እንደ ማለት ነው። ዛሬ ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉም ይለዋል፤ ሁልጊዜም ዘንድ አንቀጽ ይከተለዋል። «ኦኻላ ዩዌባ» ሊሆን ለሚችል ነገር ነው፤ ምነው ዝናቡ ቢመጣልን እንደ ማለት። «ኦኻላ ዮብዬራ» ተስፋው ሲሳሳ ይነገራል፤ ምነው በዘነበ። «ኦኻላ ኡብዬራ ዮቢዶ» ጊዜው ላለፈበት ቁጭት ነው፤ ምነው ያኔ ዘንቦ በነበረ። ሦስቱን አደባልቆ መናገር ሰሚውን ያሳስታል፤ ገና ተስፋ ላለው በሽተኛ ሦስተኛውን መልክ መጠቀም ተስፋውን እንደ መቁረጥ ይቆጠራል።

ምርቃትም በ«ኬ» እና በዘንድ አንቀጽ ይሠራል፣ ልክ እንደኛ «ይማርህ»። ለታመመ «ኬ ቴ ሜኾሬስ»፣ ለሚበላ «ኬ አፕሮቤቼ»፣ ሊተኛ ለሚሄድ «ኬ ዴስካንሴስ»፣ ስለ ሞተ ሰው «ኬ ኤን ፓስ ዴስካንሴ» ይባላል። ለተሰናባች «ኬ ቴ ባያ ብየን» ነው፤ በ«እርስዎ» ለሚጠራ ሰው «ቴ» ወደ «ሌ» ይለወጣል።

ለአምሮት አገሩ ሁሉ የየራሱ አለው። «ቴንጎ ጋናስ ዴ» የትም ያስኬዳል። ስፔናዊው «ሜ አፔቴሴ» ሲል ሜክሲኳዊው «ሴ ሜ አንቶኻ» ይላል፤ የሜክሲኮ የመንገድ ምግቦች «አንቶኺቶስ» የተባሉትም ከዚሁ ነው። «ዴሴኦ» ለመልካም ምኞት ካርድ ይስማማል፤ ሰውን ግን በደፈናው «ቴ ዴሴኦ» ማለት የሥጋ ፍላጎትን ይናገራል፤ ፍቅርን የሚገልጸው «ቴ ኪዬሮ» ነው።

በኃላፊ ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ፈልጌ ነበር» ለማለት «ኬሪያ» ይበቃል። በሌላው የ«ኬሬር» የኃላፊ ጊዜ መልክ «ኪሴ» ከተባለ ብዙ ጊዜ «ሞከርኩ»፣ «ኖ ኪሴ» ደግሞ «እምቢ አልኩ» የሚል ትርጉም ይይዛል።